ሽጉጥ የሌለው ፖሊስ ሲያስቆምዎት፦ የብሪታንያ የጎዳና ፍተሻ ደረጃ በደረጃ

ለንደን ጎዳና ላይ የሚያገኙት ፖሊስ ወገቡ ላይ ካቴና፣ ተጣጣፊ ዱላና ዐይን የሚያቃጥል ርጭት ታጥቋል። አንዳንዱ ቴዘር የሚባለውን ቢጫ የኤሌክትሪክ መሣሪያ ይጨምራል። ሽጉጥ ግን የለውም። በእንግሊዝ፣ በዌልስና በስኮትላንድ የጦር መሣሪያ እንዲይዙ የተፈቀደላቸው ፖሊሶች ከ20 አንድ እንኳ አይሞሉም። ከየአካባቢው የፖሊስ ኃይሎች መሐል በመደበኛ ሥራው ሽጉጥ የሚታጠቀው የሰሜን አየርላንዱ ብቻ ነው።

ከእኛ አገር የሄደ ሰው ይህን ሲያይ ብዙ ጊዜ ከሁለት አንዱን ያደርጋል። ወይ «ባዶ እጁን የቆመ ፖሊስ ምን ያመጣል» ብሎ ጀርባውን ይሰጣል፤ ወይ ዩኒፎርም ባየ ቁጥር ሳይጠየቅ ኪሱን ይገለብጣል። የመጀመሪያው ካቴና ያስከትላል። ሁለተኛው ፖሊሱ ያልነበረውን መብት በነጻ ያስረክበዋል።

የዚህ ፖሊስ ሥልጣን ያለው በአንደበቱ ነው። ሕጉ ሰውን ከመፈተሹ በፊት እንዲናገር ያስገድደዋል፦ ምን እንደሚፈልግ፣ እርስዎን ለምን እንደመረጠ፣ በየትኛው ሕግ እንደሚሠራ። እነዚህን መልሶች አንድ በአንድ ረጋ ብሎ መጠየቅ የሚችል ሰው ከሚጮኸውም ከሚለማመጠውም ይሻላል። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የዚያ ዝርዝር ነው። ዓመተ ምሕረቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ ሕጉም የእንግሊዝና የዌልስ ነው፤ ስኮትላንድ የምትለይበትን በቦታው እጠቅሳለሁ።

ከደረጃዎቹ በፊት ትንሽ ታሪክ፤ ያለ እሱ ደንቦቹ የቢሮክራሲ ጨዋታ ይመስላሉ። የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሩ ሮበርት ፒል በ1829 የለንደንን ፖሊስ ሲያቋቁም ሕዝቡ ሌላ ጦር ሠራዊት መጣብኝ ብሎ ፈርቶ ነበር። ስለዚህ ፖሊሶቹ እንደ ወታደሩ ቀይ ሳይሆን ሰማያዊ ለበሱ፤ በእጃቸውም ዱላ ተሰጣቸው። ልማዱ ሥር ሰደደ። በ2006 የፖሊሶች ማኅበር አባላቱን ሲጠይቅ 82 በመቶ የሚሆኑት ሁልጊዜ ሽጉጥ መታጠቅ አንፈልግም አሉ። በ2012 ማንችስተር አካባቢ ሁለት ያልታጠቁ ሴት ፖሊሶች ሲገደሉ እንኳ የአካባቢው ፖሊስ አዛዥ ከዚያው አቋም አልተናወጠም።

ይሁን እንጂ ሽጉጥ አለመያዝ ሁልጊዜ ገርነት አይደለም። በ1824 የወጣ የባዘኔዎች ሕግ ፖሊስ «ወንጀል ሊሠራ አስቧል» ብሎ የጠረጠረውን ሁሉ እንዲይዝ ይፈቅድ ነበር፤ በ1970ዎቹ ይህ ሕግ በተለይ በጥቁር ወጣቶች ላይ ሲሠራበት ቆየ። ሚያዝያ 1981 ደቡብ ለንደን ብሪክስተን ውስጥ ፖሊሶች በቀናት ውስጥ በርካታ ሰው ባስቆሙበት ዘመቻ መሐል ሰፈሩ ነደደ። ዳኛው ሎርድ ስካርማን አጣርተው ሪፖርት አቀረቡ፤ የዛሬው የፍተሻ ሕግ ማለትም የ1984ቱ የፖሊስና የወንጀል ማስረጃ ሕግ የተወለደው ከዚያ በኋላ ነው። ፖሊሱ ምክንያቱን እንዲናገር የሚያስገድደው አንቀጽ ከዚያ ቁጣ የመጣ ነው። ያም ሆኖ ዛሬም በእንግሊዝና በዌልስ ጥቁር ሰው የመፈተሽ ዕድሉ ከነጭ ወደ አራት እጥፍ ይጠጋል። ከሚፈተሹት ሰዎች አብዛኞቹ ምንም ሳይገኝባቸው ይሄዳሉ።

1ኛ፦ ያስቆመዎት ማን እንደሆነ ይለዩ

ዩኒፎርም የለበሰ ፖሊስ ትከሻው ላይ ቁጥር አለው፤ በመጀመሪያው ደቂቃ ያንን ቁጥር ይያዙ። ስም ቢረሳ ቁጥሩ ይበቃል። ተመሳሳይ ልብስ ለብሶ «ኮሚውኒቲ ሰፖርት ኦፊሰር» የሚል ጽሑፍ ያለበት ሰው ግን የፖሊስ ረዳት ነው። ሥልጣኑ ውሱን ነው፤ በጥርጣሬ ብቻ እንደ ፖሊስ አስቁሞ ሰው አይፈትሽም። የሱቅ ዘበኛም እንዲሁ።

ሲቪል የለበሰ ፖሊስ የፖሊስነት መታወቂያ ካርዱን ማሳየት ግዴታው ነው። ካርድ ብቻ የሚበቃበት ዘመን ግን አልፏል፤ በማርች 2021 ሣራ ኤቨራርድ የተባለችውን ወጣት ጠልፎ የገደለው ያኔ የለንደን ፖሊስ ባልደረባ የነበረ ሰው ሲሆን ያታለላትም በእውነተኛ ካርዱ ነበር። ከዚያ ወዲህ የለንደን ፖሊስ ብቻውን ያለ ሲቪል ለባሽ ፖሊስ ለሚያስቆመው ሰው በቪዲዮ ጥሪ ከመቆጣጠሪያ ክፍሉ ማረጋገጫ እንዲያሰጥ ደንብ አውጥቷል። እሱ ካላደረገው ወደ አደጋ ጊዜው ስልክ 999 ደውለው እንዲያጣሩልዎት ይጠይቁ። ይህን ማድረግ ድፍረት አይደለም፤ በተለይ ማታ ብቻዋን ላለች ሴት።

ጠመንጃ የያዙ ፖሊሶችን ሂትሮው አውሮፕላን ማረፊያ ወይም ፓርላማው ደጃፍ ያያሉ። እነሱ ትእዛዝ ሲሰጡ ጥያቄው ሁሉ ለኋላ ይቆይ፤ እጅዎን ክፍት አድርገው ያሳዩ፣ ወደ ኪስዎ አይስደዱ። በጁላይ 2005 ስቶክዌል ባቡር ጣቢያ ውስጥ ብራዚላዊው ዣን ቻርለስ ደ ሜኔዜስ በአሸባሪነት ተጠርጥሮ ተገደለ፤ ሰውየው ንጹሕ ነበር።

2ኛ፦ ጭውውት ነው ወይስ መያዝ?

አብዛኛው ነገር የሚጀምረው በለስላሳ ቃል ነው። ከየት ነው የሚመጡት? ወዴት ነው? ቦርሳው ውስጥ ምን አለ? ይህ ገና ፍተሻ አይደለም። ከ1966 ጀምሮ የጸና የፍርድ ቤት ውሳኔ አለ፤ ዜጋ ፖሊስን መርዳት የኅሊና ግዴታ ሊሆንበት ይችላል፣ ለጥያቄው መልስ የመስጠት ሕጋዊ ግዴታ ግን የለበትም። አልመልስም ማለት ብቻውንም ለፍተሻ ምክንያት አይሆንም፤ የፖሊስ የፍተሻ ደንብ ራሱ ይህን ይናገራል።

እዚህ ላይ የሚያስፈልግዎት አንድ የእንግሊዝኛ ጥያቄ ነው፦ «አም አይ ቢንግ ዲቴይንድ?» ተይዣለሁ ወይ ማለት ነው። መልሱ አይደለም ከሆነ አመስግነው ይሂዱ። መልሱ አዎ ከሆነ አይሂዱ፣ አይገፍትሩ፣ እጅዎን አይንጠቁ። ፖሊስን በሥራው ማደናቀፍ ራሱን የቻለ ወንጀል ነው፤ ኪሱ ባዶ የነበረ ሰው በዚህ ብቻ ፍርድ ቤት ሊቀርብ ይችላል። በተግባር ግን እላለሁ፦ መልሱ ቀላልና ንጹሕ ከሆነ፣ ለምሳሌ «ከሥራ እየተመለስኩ ነው» ቢሉ የሚጎዳዎት ነገር ጥቂት ነው። መብት አለኝ ብሎ ሁሉንም ጥያቄ ወደ ክርክር መቀየር ሃያ ደቂቃ ያስፈጃል።

3ኛ፦ ከመፈተሽዎ በፊት ስምንቱን ነገሮች ይስሙ

የመመሪያው እምብርት ይህ ነው። ፖሊሶች በሥልጠና ላይ «ጎዋይዝሊ» በሚል ምሕፃረ ቃል ያጠኑታል፤ እያንዳንዱ ፊደል አንድ ግዴታ ነው። እርስዎም እንደ እነሱ በቃል ቢይዙት ጥሩ ነው፦

– እርስዎን ለምን እንደጠረጠረ፤
– ምን ዓይነት ዕቃ እንደሚፈልግ፤
– ሲቪል ከለበሰ መታወቂያ ካርዱን፤
– ስሙን (በሽብር ጉዳይ ላይ ከሆነ ወይም ስሙ ቢታወቅ አደጋ አለው ብሎ ከሰጋ ቁጥሩን ብቻ ይሰጣል)፤
– የሚሠራበትን የፖሊስ ጣቢያ፤
– የፍተሻውን መዝገብ ቅጂ የማግኘት መብት እንዳለዎት፤
– በየትኛው ሕግ እንደሚፈትሽ፤
– ለፍተሻው ሲባል መያዝዎን።

እነዚህ የትሕትና ጉዳዮች አይደሉም። በ1999 በታየ አንድ ጉዳይ ፖሊሶቹ ስማቸውንና ጣቢያቸውን ሳይናገሩ ያደረጉት ፍተሻ ሕገወጥ ተብሏል፤ ቁጥራቸው ትከሻቸው ላይ እየታየ እንኳ። ስለዚህ ያልተነገረዎትን ይጠይቁ፦ «ዋት አር ዩር ግራውንድስ?» እና «ዊች ሎው?» ብለው። ሁለቱ ጥያቄዎች ብቻ የፖሊሱን አነጋገር ሲለውጡ ይታያል፤ ደረቱ ላይ ያለው ካሜራ መልሱን እየቀዳ ስለሆነ ያስብበታል።

እንግሊዝኛዎ ውሱን ከሆነ ይንገሩት። ደንቡ ሰውየው ቋንቋውን የሚረዳ ካልመሰለው ፖሊሱ መረጃው እንዲደርሰው ተገቢውን ጥረት እንዲያደርግ ያዝዛል፤ አብሮዎት ያለ ሰው ሊያስተረጉም ይችል እንደሆነም እንዲያይ። «አይ ስፒክ አምሃሪክ» ማለት ያሳፍራል ብሎ ባልገባው ነገር ላይ ራስ ከመነቅነቅ ይሻላል።

4ኛ፦ ምክንያቱን ይመዝኑ

ተራው ፍተሻ ምክንያታዊ ጥርጣሬ ይፈልጋል። በ1984ቱ ሕግ የሚፈለገው የተሰረቀ ዕቃ፣ የጦር መሣሪያ፣ ስለት፣ የስርቆት መሣሪያና የመሳሰለው ነው። በ1971 በወጣው ሕግ ደግሞ አደንዛዥ ዕፅ ይፈለጋል፤ ከሁሉም የሚበዛው ፍተሻ ይኸኛው ነው። «እዚህ ሰፈር ብዙ ስርቆት አለ» ብቻውን ስለ እርስዎ የሚናገረው ነገር የለም። የቆዳ ቀለም፣ ዕድሜ፣ ቀድሞ መታሰር ወይም «እንደዚህ የሚለብሱ ሰዎች» የሚል አስተያየት ብቻውን ምክንያት አይሆንም። ከአንድ የተለየ መግለጫ ጋር መመሳሰል ግን ሊሆን ይችላል፤ ያኔ መግለጫው ምን እንደሆነ ይጠይቁ።

ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ደግሞ ይህ ነው፦ ፖሊሱ የመፈተሽ ሥልጣን ከሌለው እርስዎ ፈቀዱለት አልፈቀዱለት መፈተሽ አይችልም። «ብፈትሽዎ ቅር ይልዎታል?» የሚለው ጥያቄ ከደንብ ውጪ ነው ማለት ነው። መልሱ አጭር ነው፤ «ሥልጣን ካለህ ፈትሽ፣ እኔ ግን አልፈቅድም።» ይህን በቃል እንጂ በክንድ አይናገሩ። ስኮትላንድም በፈቃድ የሚደረገውን ፍተሻ ከግንቦት 2017 ጀምሮ አስቀርታለች።

ያለ ጥርጣሬ የሚደረግ ፍተሻም አለ። በ1994ቱ ሕግ አንቀጽ 60 መሠረት ከባድ ግጭት ይፈጠራል ተብሎ በሚሠጋበት ሰፈር ኢንስፔክተር ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ሹም ለተወሰነ ሰዓት ማንኛውም ሰው ለጦር መሣሪያ እንዲፈተሽ መፍቀድ ይችላል። በኦገስት የሚደረገው የኖቲንግ ሂል ካርኒቫል ላይ ይህ የተለመደ ነው። ያኔ «ለምን እኔ» ማለት ብዙ አያራምድም፤ ፈቃዱ ለየትኛው ሰፈርና እስከ ስንት ሰዓት እንደሆነ ግን መጠየቅ ይችላሉ።

5ኛ፦ በፍተሻው ጊዜ

በሰው ፊት ሊያስወልቅዎት የሚችለው ካፖርት፣ ጃኬትና ጓንት ብቻ ነው። ከዚያ ያለፈ ነገር ሁሉ ከሕዝብ ዐይን ውጪ፣ ከኮፍያና ከጫማ ያለፈ ከሆነም በተመሳሳይ ጾታ ፖሊስ መሆን አለበት። የሂጃብም ሆነ ሌላ የሃይማኖት መሸፈኛ ጉዳይ ከሆነ ገለል ባለ ቦታ፣ የሚቻል ሲሆን ሴት ፖሊስ ባለችበት እንዲሆን ይጠይቁ። ልብስ አስወልቆ ገላን የሚያጋልጥ ፍተሻ በፖሊስ መኪና ውስጥ አይደረግም።

ስልክዎን የተሰረቀ እንዳይሆን ሊያይ ይችላል፤ በተራ ፍተሻ የመክፈቻ ቁጥሩን ስጠኝ ቢልዎት ግን ግዴታ የለብዎትም። ፍተሻውን መቅረጽም ሕጋዊ ነው፤ ጓደኛዎ ሁለት እርምጃ ርቆ ቢቀርጽ ይመረጣል። ካቴና ለፍተሻ ሁሉ የሚገባ ነገር አይደለም፤ ካሰሩዎት ለምን እንደሆነ ይጠይቁና መልሱን ይያዙ።

አሁን ወደ ኪሳችን እንግባ። ጫት በብሪታንያ ከ24 ጁን 2014 ጀምሮ የተከለከለ ዕፅ ነው። ከዚያ በፊት በሂትሮው በኩል በግላጭ ይገባ ስለነበር ዛሬም «ቅጠል ነው፣ ምን አለበት» የሚል አይጠፋም። የደረቀውም፣ ከአገር ቤት በፖስታ የተላከውም ያው ነው። ለራስ የሚሆን ጥቂት የተገኘበት ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ በማስጠንቀቂያ ሊታለፍ ይችላል፤ ቀጥሎ ቅጣት ይመጣል፤ በሦስተኛው መያዝ። ማከፋፈል ግን እስከ 14 ዓመት ያስቀጣል።

ስለት ላይ ሕጉ ጥብቅ ነው። ያለ በቂ ምክንያት መያዝ የሚፈቀደው ከ3 ኢንች ያልበለጠ፣ የሚታጠፍና የማይቆለፍ ሰንጢ ብቻ ነው። ወጥ ቤት የሚሠራ ሰው ቢላዎቹን ጠቅልሎ ከቤት ወደ ሥራ ቢወስድ ምክንያት አለው፤ ማታ መጠጥ ቤት ይዞ ቢገባ ምክንያቱ ይሳሳል። ሴቶች ከሌላ አገር የሚያመጡት ዐይን የሚያቃጥል ርጭት ደግሞ በብሪታንያ ሕግ የተከለከለ መሣሪያ ነው፤ ጥለውት ይሂዱ። መቋሚያውን ይዞ በባቡር ወደ ቅዳሴ የሚሄድ ዲያቆንን በተመለከተ፦ ሰው ለመጉዳት ያልተሠራና ያልታሰበ ነገር መሣሪያ አይባልም፤ ፖሊሱ ግን ሊጠይቅ ይችላል፤ በትዕግሥት ያስረዱት።

6ኛ፦ ስምና ወረቀት

ብሪታንያ ውስጥ ይዞ የሚዞሩት የግዴታ መታወቂያ የለም። በ2006 የወጣው የመታወቂያ ካርድ ሕግ በ2010 ተሽሯል። የቀበሌ መታወቂያ ኪሱ ከሌለ ራቁቱን የወጣ ያህል ለሚሰማው ሰው ይህ ይከብዳል፤ እውነቱ ግን ይኸው ነው። በተራ ፍተሻ ስምና አድራሻ የመናገር ግዴታም የለብዎትም። የብሔረሰብ ምድብ ይጠየቃሉ፤ መመለስ አለመመለስ የእርስዎ ምርጫ ነው።

ይህ የማይሠራባቸው ቦታዎች አሉ። ሰውን በሚያውክ ምግባር የተጠረጠረ ሰው ሲጠየቅ ስምና አድራሻውን መስጠት አለበት። ስኮትላንድ ውስጥ በወንጀል የተጠረጠረ ሰውም እንዲሁ። መኪና የሚነዳ ሰው ያለ ምንም ምክንያት ሊቆም ይችላል፤ ስሙን፣ የልደት ቀኑንና መንጃ ፈቃዱን ይጠየቃል፤ ካልያዘ በ7 ቀን ውስጥ ፖሊስ ጣቢያ ያቀርባል። የኢትዮጵያ መንጃ ፈቃድ የሚያገለግለው ነዋሪ ከሆኑ በኋላ ለ12 ወር ብቻ እንደሆነ አይርሱ፤ ከዚያ በኋላ መድኑም አብሮ ሊወድቅ፣ መኪናውም ሊወሰድ ይችላል።

የሐሰት ስም ወይም የሌላ ሰው ወረቀት መስጠት ከዝምታ እጅግ የባሰ ነው። ፖሊስ ከአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴሩ ጋር የኢሚግሬሽን መረጃ ሊለዋወጥ ስለሚችል፣ የጥገኝነት ጉዳያቸው ያላለቀ ሰዎች የጠበቃቸውን ስልክ በወረቀት ጽፈው ይያዙ፤ ስልክ ሊወሰድ ይችላል።

አውሮፕላን ማረፊያው ሌላ ዓለም ነው። በ2000 የወጣው የሽብር ሕግ ሰንጠረዥ 7 ያለ ጥርጣሬ ሰው እስከ 6 ሰዓት አቆይቶ ለመጠየቅ ያስችላል። እዚያ ዝምታ ወንጀል ነው፤ የስልክ መክፈቻ ቁጥር አለመስጠትም እንዲሁ። ከአንድ ሰዓት በላይ ከቆዩ በሕግ መያዝዎ ሊነገርዎት ይገባል፤ ያኔ ጠበቃ ይጠይቁ።

7ኛ፦ ልጆች

ልጅዎን ያለ እርስዎ መንገድ ላይ መፈተሽ ይችላሉ፤ ብዙ ወላጅ ይህን አያምንም። ከ18 ዓመት በታች ያለን ልጅ ልብስ አስወልቆ ገላን በሚያጋልጥ ሁኔታ መፈተሽ ግን እጅግ አስቸኳይ ካልሆነ በቀር ኃላፊነት ያለበት አዋቂ ሰው ሳይገኝ አይፈቀድም። በዲሴምበር 2020 ለንደን ሃክኒ ውስጥ የ15 ዓመት ጥቁር ተማሪ ትምህርት ቤቷ ውስጥ፣ እናቷ ሳታውቅ፣ በዚህ ዓይነት ተፈትሻለች፤ ምክንያቱ ካናቢስ ሸትተሻል የሚል ጥርጣሬ ነበር፤ ምንም አልተገኘባትም። በ2022 የወጣው የምርመራ ሪፖርት ዘረኝነት ሚና ሳይኖረው እንዳልቀረ ጽፏል። ለልጅዎ ሁለት ነገር ያስተምሩ፦ አይሩጥ፤ ወላጄን ጥሩልኝ ይበል። ሕጉን ሁሉ እንዲያነበንብ መጠበቅ ከልጅ ብዙ መጠየቅ ነው።

8ኛ፦ ቢይዙዎት

ፖሊስ ጣቢያ ከገቡ ነጻ ጠበቃ፣ ነጻ አስተርጓሚና ለአንድ ሰው ማሳወቅ መብትዎ ነው። ሲይዙዎት የሚነበበው ማስጠንቀቂያ የመናገር ግዴታ የለብዎትም ይላል፤ ነገር ግን አሁን ያልጠቀሱትን ነገር በኋላ ፍርድ ቤት ቢያነሡት ሊጎዳዎት እንደሚችልም ያክላል። ይህ ሁለት ጎን ስላለው ዝም ልበል ወይስ ልናገር የሚለውን ጠበቃው ይወስን። «ጠበቃ ከጠየቅሁ ጥፋተኛ እመስላለሁ» የሚለውን ሐሳብ ይተዉት። በተለመደው ሁኔታ ያለ ክስ የሚያቆዩዎት እስከ 24 ሰዓት ነው፤ በከባድ ወንጀል ግን በፍርድ ቤት ፈቃድ እስከ 96 ሰዓት ይደርሳል።

9ኛ፦ መዝገቡና አቤቱታው

ፍተሻው እንዳለቀ መዝገቡን እዚያው ይጠይቁ። ካልሰጡዎት በ3 ወር ውስጥ ቅጂውን መጠየቅ ይችላሉ። የዚያኑ ዕለት ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ የትከሻውን ቁጥርና ምክንያት ተብሎ የተነገረዎትን በአማርኛም ቢሆን ይጻፉ።

የካሜራው ቅጂ ቶሎ ይጠፋል፤ ለማስረጃ ካልተፈለገ ብዙውን ጊዜ በ31 ቀን ይሰረዛል። ስለዚህ ቅድሚያ የሚሰጠው ለእሱ ነው፦ ለዚያው ፖሊስ መሥሪያ ቤት «የራሴን መረጃ ስጡኝ» የሚል ጥያቄ በጽሑፍ ይላኩ፤ በአንድ ወር ውስጥ እንዲመልሱ ሕግ ያስገድዳቸዋል። ነጻ ነው።

አቤቱታ የሚቀርበው በመጀመሪያ ለራሱ ለፖሊስ መሥሪያ ቤት ነው፤ በ12 ወር ውስጥ ቢሆን ይመረጣል። ከ2018 ጀምሮ የሚሠራው ነጻው የፖሊስ ምግባር ቢሮም ተቀብሎ ያስተላልፋል። ከባድ ጉዳዮችን ራሱ ይመረምራል፤ የአንድ ተራ ፍተሻ አቤቱታ ግን ተመልሶ ወደ መሥሪያ ቤቱ እንደሚሄድ ይጠብቁ። በውጤቱ ካልተስማሙ እንደገና እንዲታይ የሚጠይቁት በ28 ቀን ውስጥ ነው። አቤቱታ በአብዛኛው የሚያስገኘው ደብዳቤና አንዳንዴ ይቅርታ ነው፤ ካሣ ከፈለጉ ጠበቃ ይዘው ወደ ፍርድ ቤት ይሄዳሉ፤ ጊዜውም ይለያያል። በመድልዎ ሕግ 6 ወር፣ በሰብዓዊ መብት ሕግ አንድ ዓመት፣ ያለ ሕግ ለመያዝ 6 ዓመት ነው። ከሁሉ አጭሩን ይዘው ይቁጠሩ።